ዕድሜ አይጠየቅም

ገጽ አሥራ ሁለት ላይ፣ በቀይ ሳጥን ታጥሮ፣
«ዕድሜ አይጠየቅም» ይላል ቃሉን አክርሮ።
ከሥሩ ሥዕል አለ፤ ሻይ ይዛ የተቆጣች፣
ቅንድቧን የሰቀለች፣ ከንፈሯን የነከሰች።
ሻይዋ ወተት አለበት፤ እዚህ ማንም እንዲያ አይጠጣ፤
መጽሐፉ በመርከብ ነው፣ ከነደንቡ ተጭኖ የመጣ።
ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አስተማርኩኝ፤
«ለምን?» ያለኝ የለም፣ እኔም «ለምን» አላልኩኝ።

ክፍሌ የማታ ነው፣ ካን ቶ፣ ከወንዙ ዳር፣
ከዓሣ መጋዘን ላይ፣ ከበረዶው ማሽን ጋር።
ማሽኑ ሲያጓራ እኛም ግሥ እናጓራለን፣
ድንገት ዝም ሲል ደግሞ በገዛ ድምፃችን እናፍራለን።
ሦስት አናናስ ሻጮች፣ አንድ የሆቴል ዘበኛ፣
ሎተሪ አዟሪዋ ቪ፣ ሁሌ አርፋጅ፣ ቀልደኛ፣
ደግሞም አዛውንቱ ሉክ፤ በዚያች በሞተር ጀልባቸው
ዶሮ ሳይጮህ ቱሪስት ወደ ውሃ ላይ ገበያ ማመላለስ ነው ሥራቸው።

አንድ ማታ መጡ። ደብተር አላወጡ፤
ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሽከረከሩ ዝም ብለው ተቀመጡ።
«ጠየቅኋት» አሉኝ።
«ምን ጠየቋት?»
«ዕድሜዋን ነዋ!
ያቺን ባለ ሰማያዊ ባርኔጣ። ክው ብሎ ቀረ ሣቋ።
ደርሰን እስክንመለስ ወንዙን ብቻ አየች፣
ሒሳቧን ከፈለች፣ ጉርሻም ጨመረች፣ ዘወር ሳትል ሄደች።»

«ገጽ አሥራ ሁለት!» አልኩ፣ ጣቴ ሳጥኑ ላይ፤
«አንብበነው የለም? አላስተማርኩም ወይ?»
«አንብቤያለሁ፣ መምህር። ግን ምን ብዬ ልጥራት?
ታናሼ ትሁን፣ እኩያዬ፣ አክስት?
ዕድሜዋን ሳላውቅ አፌን በምን ልክፈት?»
«"ዩ" ይበሏት» አልኩ፤ «ለሁሉም ይሆናል፤
ለሚኒስትር፣ ለሌባ፣ ለሕፃን ይበቃል።»
ሳቁ፣ የቅሬታ ሣቅ፦ «እንዴት ያለ ድህነት ነው!
ለእናቱና ለድመቱ አንድ ቃል ብቻ ያለው ሰው።»

እሳቸው እኔን «መምህር»፣ እኔ እሳቸውን «አጎት»፤
እንደ ሁለት ሰዎች ነን፣ «ይቅደሙ» እየተባባሉ ደጃፍ ላይ እንደቆሙት።

ገጹን አልቀደድኩም። በእርሳስ፣ ከሳጥኑ ጎን፣
«ለማን?» ብዬ ጻፍኩና ጠየቅኩ ክፍሉን።
ዘበኛው አለ፦ «ያ ኮሪያዊ እንግዳ መጀመሪያ ዕድሜዬን ነው የጠየቀኝ፤
ታናሹ ብሆን ጊዜ ቢራውን ቀዳሁለት፣ እሱም ሒሳቡን ዘጋልኝ።»
ቪ ዘላ ተነሳች፦ «እኔንስ አንዷ ምን አለችኝ? "ሕልምሽ ምንድን ነው?"
ቲኬት ልትገዛ ቆማ! ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን፣ መንገድ ላይ፣ ለማላውቃት ሰው!»
ሣቁ ማሽኑን ዋጠው።

ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራን፣ ሰርዘን፣ ደልዘን፦
«በእኛ ቋንቋ ዕድሜ ወንበር ነው፤ የቱ ላይ ላስቀምጥዎ?
ደስ ካላለዎት ይቅር፣ ወንዙን እናያለን።»

ከወር በኋላ ሉክ ፊታቸው በርቶ መጡ።
ከሊድስ የመጣ አንድ ሽማግሌ፣ ጀልባው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ፣
ጥቂት አሰበና «ሰባ አንድ» አለ፤ «ዩ?» ብሎም ጠየቀ።
«ስልሳ ስምንት» አሉት። ታላቅና ታናሽ ታወቀ።

ባለ ሰማያዊ ባርኔጣዋ ግን አልተመለሰችም።
ሰማያዊ ነገር ውሃው ላይ ባዩ ቁጥር ሞተሩን ያቀዘቅዛሉ፤
ምንም አይሉም።

አሁን ፈተና እያረምኩ ነው።
ጥያቄ አራት፦ «ዕድሜ መጠየቅ ነውር ነውን?»
ከላይ የተላከው መልስ አንዲት ቃል ናት፦ «አዎን።»
ሉክ ሁለቱንም ምርጫ ትተው፣
በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው
«ለማን?» ብለዋል።
ቀይ እስክሪብቶዬ ተንጠልጥሏል።
ታች ማሽኑ ማጓራት ጀምሯል።